ለማየት ብቻ ወደ ዓባያ ዳር

ይህን የምጽፈው ከጨንቻ ወርደው ለማያውቁ ጎረቤቶቼና ዘመዶቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በር እያንኳኳችሁ «ቆላው እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግም አፌ ደከመ። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በተራ አስቀምጠዋለሁ፤ ያነበበ ላላነበበ ይንገር።

ለማያውቀን ሰው ጥቂት ልበል። ባለቤቴ መጋቢ ዘካርያስ ይባላል። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ምህረት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችን። ከእሷ በፊት ናሆም ነበረ። ዘካርያስ ገና ወንጌላዊ ሳለ በአንድ ቆላ መንደር እናገለግል ነበር፤ ናሆም ሁለት ዓመት ሳይሞላው እዚያ በወባ ሞተብን። በዚያው ሳምንት ወደ ደጋ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ገበያ ወርጄ በዕለቱ ከመመለስ በቀር ቆላ አድሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በፊት ከምዕራብ ዓባያ ወጣ ብላ በሐይቁ ዳር ያለች አንዲት አጥቢያ ዘካርያስን አገልጋያችን ሁን ብላ ጠራችው። አገልጋይ ካጡ ቆይተዋል። ዘካርያስ ይህን ነገረኝ። ጾመ፣ ጸለየ፣ ምግብ ላይ አፍጥጦ ይቀር ጀመር። ልቡ እንደሄደ ከፊቱ ታውቆኛል። በመጨረሻ «አንቺ እሺ ካላልሽ አልሄድም፤ ግን ሳታዪው እምቢ አትበዪ» አለኝ። እውነት ለመናገር እምቢታዬን አስቀድሜ ጨርሼ ነበር። ቢሆንም ለማየት ብቻ እንሂድ ብለን ተስማማን፤ ከርዕሰ መምህሩም ፈቃድ ጠየቅሁ።

ዓርብ

ለማየት የሚሄድ ሰው አንድ ዘንቢል ይበቃዋል። እኔ ግን የምህረትን ስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልዬ አሰርኩ፤ ልጄን ማንም በተኛበት ቆላ መደብ ላይ አላስተኛም ብዬ። ሁለት አጎበር ጨመርኩ። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በትልቁ ጀሪካን ሞላሁ። ለአስተናጋጆቻችን ደግሞ ከጓሮ የለቀምኩትን አፕል በካርቶን ያዝኩ። ዘካርያስ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ «ጉሙንስ በምን እንያዘው?» አለኝ። አልሳቅሁለትም።

መናኸሪያ ስንደርስ የሚኒባሱ ረዳት ፍራሹን ጣሪያ ላይ እያሰረ «እናት፣ ቤት ለቃችሁ ነው?» አለኝ።

«ለማየት ነው የምንሄደው።»

«ፍራሽ ይዞ ማየት!» አለና ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ከጨንቻ ስንነሳ መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ ሹፌሩ በመዳፉ እየጠረገ ይነዳ ነበር። እስከ ዶርዜ ድረስ ግራ ቀኙ የለመድነው እንሰትና ቀርከሃ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ሰውም መደረቢያውን ያወልቃል። መጀመሪያ ጋቢው ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ከታች ስንደርስ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ በሸሚዝ ብቻ ቀርተው ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ ሁለቱ ሐይቆች አብረው ይታያሉ፤ ጫሞ ሰማያዊ፣ ዓባያ ግን ጎርፍ እንደገባበት ወንዝ ቡናማ ነው። ምህረት «የትኛው ነው የእኛ?» አለች። አባቷ ወደ ቡናማው ሲያመለክት እኔ «የእኛ የሚባል የለም፣ ልናይ ነው» አልኳት።

ወደ ምዕራብ ዓባያ ለሚሄድ ከታች መገንጠያው ላይ ወርዶ ወደ ሰሜን መታጠፍ ይቀለው ነበር። ዘካርያስ ግን በአርባ ምንጭ የሚያነጋግራቸው ሰዎች ስለነበሩ ከተማ ገባን፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የአጎቱ ልጅ ቤት አደርን። እኛ ጨንቻ እራታችንን በሩን ዘግተን እሳት ከበን ነው የምንበላው፤ እነሱ ግን ጠረጴዛቸውን ማንጎ ዛፍ ሥር አውጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ይበላሉ። የቀረበልን የተጠበሰ አሣ ነበር። ምህረት አሣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ የቤቱ እመቤት አጥንቱን እየለቀመች አጎረሰቻት። ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር ልጄን ከጨዋታ ጎትቼ አጎበር ውስጥ አስገባኋት። የቤቱ ልጆች ገና ኳስ እያባረሩ ነበር፤ እሷ በመረቡ ውስጥ ሆና እያየቻቸው አለቀሰች። እመቤቲቱ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት በሌላ ሚኒባስ ወደ ሰሜን ተነሳን፤ ፍራሹም እንደገና ጣሪያ ላይ ወጣ። ጫኖ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ጫኖን ለማታውቁ፣ መንገዱ ዳር ሁሉ ሙዝ ነው፤ በሙዙ መሐል ውሃ በቦይ ይሄዳል፤ አየሩ እንደታጠበ ቤት እርጥበት እርጥበት ይላል። በእኛ አገር ጓሮ እንሰቱ ቤቱን ከብቦ እንደሚቆም እዚህ ሙዙ ቤቱን ይከባል። ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል ምህረት «እዚህም ቆጮ አለ» ብላ ተደሰተች።

ጎማው እስኪቀየር ፀሐይ ላይ ቆመን ስናልብ ያየን አንድ ገበሬ ከማሳው ወጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠን። ፓፓያ ቆርጦ በሙዝ ቅጠል አቀረበልን። እኔ የልጄን ድርሻ ከጀሪካኔ ውሃ ቀድቼ እንደገና አጠብኩት። ሰውየው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ሹፌሩን «ብሎኑ ጠበቀ?» እያለ ያወራ ጀመር፤ እኔን ላለማሳፈር መሆኑ ገብቶኛል። ፓፓያው በጣም ጣፋጭ ነበር።

ምዕራብ ዓባያ ስንወርድ ከአጥቢያዋ የተላኩ ሁለት ወጣቶች የአህያ ጋሪ ይዘው ይጠብቁን ነበር። ረዳቱ ፍራሹን ሲያወርድ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጀሪካኑ ወረደ፣ ካርቶኑ ወረደ። አንደኛው ወደ ጎን ሄዶ ስልክ ደወለ፤ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ምን እንዳለ የገባኝ በኋላ ነው። «ጠቅልለው መጡ» ነው ያለው።

ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ዝናብ ያበላሸው የጭቃ መንገድ ነው። ምህረት ጋሪው ላይ ተቀመጠች፣ እኛ በእግራችን ተከተልን። አንድ የመስኖ ቦይ ስንሻገር ጋሪው ዘንበል አለና ያ በስንት ጥንቃቄ ያሰርኩት ፍራሽ ቦዩ ውስጥ ገባ። ስፖንጅ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ የማታውቁ ካላችሁ እኔ ልንገራችሁ፤ ሲያወጡት አራት ሰው ፈለገ። ወጣቶቹ ይቅርታ እያሉ ሲጨነቁ ዘካርያስ ጀርባውን አዞረብኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

መንደሩ ጫፍ ላይ ሳቁ ቆመ። መዘምራን ነጭ ለብሰው፣ ሴቶች እልል እያሉ፣ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱን ሞልተውታል። የአገልጋዩ ቤት በአዲስ ጭቃ ተመርጎ ገና አልደረቀም። በግ ታርዷል። ጋሽ አንጁሎ የሚባሉት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ የዘካርያስን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር አላሳፈረንም» አሉ፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። ከዚያ አንዲት ወጣት የእኔን ጀሪካን አነሳችና፣ ከጨንቻ ድረስ ተሸክሜ ባመጣሁት ፈልቶ በቀዘቀዘው ውሃ የእንግዶቹን እግር በተራ አጠበችበት። እግሬን ይዛ ስታሽ ምን ልበላት? ጀሪካኑ ባዶ ሆነ።

ዘካርያስ ጋሽ አንጁሎን ለብቻ ሊያናግራቸው ሁለት ጊዜ ሞከረ። እሳቸው ግን «ወሬ ነገ ይደርሳል፣ ዛሬ ብሉ» እያሉ ቁራጭ ሥጋ ያቀብሉታል። በመጨረሻ ወደ ጥግ ስቤው «ንገራቸው እንጂ!» አልኩት። «እንዴት ብዬ?» አለኝ። ተናደድኩበት፤ እኔም ግን እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር።

የአገልጋዩ ቤት ስላልደረቀ ያረፍነው እማማ ባሎቴ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። አማርኛቸው እንደ አካባቢው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ይላሉ። ፍራሻችን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ሲያንጠባጥብ አይተው ምህረትን የራሳቸው አልጋ ላይ አስተኙ። አጎበሬን ሳስር ቆመው አዩኝና ዝም ብለው ፈቱት፤ ዝቅ አድርገው አስረው ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ወተፉት።

«እንደሱ ከሆነ ትንኙ ከታች ይገባል፣ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያናቸው ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ ስለሆነ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ያልፍበታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ነው፤ እዚህ ደግሞ ነፋስ እንዲገባ ይለመናል። በሐይቁ ዳር ጋሞውም፣ ወላይታውም፣ ከሌላም የመጣ ስለሚኖር አምልኮው በአማርኛ ነው።

ጋሽ አንጁሎ ከመዝሙር በኋላ ተነስተው «እግዚአብሔር አባት ሰጥቶናል፤ ቤተሰቡ ጠቅልሎ መጥቷል» ብለው አስታወቁ። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ዘካርያስ ወደ መድረኩ ወጣ። «ወገኖቼ» አለና ቆመ። እንደገና «ወገኖቼ» አለ። ወደ እኔ አየ። የእኔን ኀዘን በሰው ፊት መናገር የእሱ ድርሻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። የአምልኮው መሪ ግን ነገሩ አልገባውምና «እህታችንም መጥታ ሰላምታ ትስጠን» አለ።

ተነሳሁ።

«ፍራሽ ይዤ የመጣሁት ለመኖር አይደለም» አልኩ። «ልጄን በእናንተ መሬት ላይ ላለማስተኛት ነው። ውሃም ይዤ የመጣሁት ውሃችሁን ፈርቼ ነው። በቆላ አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛ ለመቅበር አቅም የለኝም። ባለቤቴ መምጣት ይፈልጋል። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ አትፍረዱ።»

ከኋላ አንድ ሕፃን ያለቅስ ነበር፣ እናቱ ጡት ሰጥታ ዝም አሰኘችው። ጋሽ አንጁሎ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱና በጎን በር ወደ ግቢው ወጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ምን ሊያመጡ እንደሄዱ ጋሞ ምድር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነቅሎ ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ፣ ደም ያለበት እንኳ ቢሆን፣ ሳሩን ረግጦ የሚያልፍ የለም። ሳሩን ጎንበስ ብለው ሲነቅሉ ከግድግዳው በላይ አሻግሬ አየኋቸው። እሺ እንደምል አወቅሁ፤ ልቤ እምቢ እያለ አፌ እሺ ይላል፣ ከዚያም ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ሰዎች ስጠላ እኖራለሁ። እጅግ ፈራሁ።

ጋሽ አንጁሎ ሳሩን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ እማማ ባሎቴ ከሴቶች ረድፍ ተነሱ።

«አንጁሎ፣ ሳሩን ተወው» አሉ።

«ልንለምናት ነው እኮ፣ ባሎቴ።»

«ሳር ለተጣላ ሰው ነው። ይህቺ ልጅ ከማን ተጣላ? ፈራ እንጂ አልተጣላም። ለፈራ ሰው ሳር አይያዝበትም።»

ሽማግሌው ሳሩን እንደያዙ ቆሙ። «ታዲያ ለፈራ ሰው ምን ይደረጋል?» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ይሸኛል» አሉ እማማ ባሎቴ። «በደህና ቤቱ ይገባል።»

ጋሽ አንጁሎ ጥቂት አሰቡና ሳሩን ከደጅ ጥለው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተመልሰው ገቡ። «እህታችን፣ ስለነገርሽን ተባረኪ። ነገ እንሸኛችኋለን» አሉኝ። ከዚያም ዘካርያስን እንዲሰብክ ለመኑት፤ ሰበከ። ምን እንደሰበከ አልሰማሁም፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ከናሆም ቀብር ወዲህ በሰው መሐል ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ምሳው በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ቁርቁፋ፣ ማለትም ከቅጠሉ ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ነበር። እኛ ቁርቁፋውን በጎመን እናውቀዋለን፤ የሽፈራው መረር ይላል፣ ግን ይለመዳል። ጉዳዩን ያነሳብኝ ሰው የለም። አፕሉን ለልጆቹ ሰንጥቀን አከፋፈልን። አንድ አዛውንት ቁራጩን በመሐረብ ጠቅልለው ለልጅ ልጃቸው ኪሳቸው ከተቱ። ልጆቹ አዞ ስላለ ከውሃው ርቀው ይጫወታሉ፤ ወሰናቸው የት እንደሆነ ከእነሱ ጋር ሆና ምህረትም ቶሎ ተማረችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ ልጄን ልጠራ ወጣሁ። ለካ ብቻዬን አይደለሁም። በየደጁ እናቶች ቆመው እየተጣሩ ነው። መንደሩ በልጆች ስም ተሞላ፤ አንዷ ትቆጣለች፣ አንዷ ትለማመጣለች፣ አንዷ አርጩሜ ይዛለች። እዚህ ያለችው እናት ሁሉ እንደ እኔ ፈርታ የምታመሽ መሆኗን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰኞ

መንደሩ ግማሹ ሊሸኘን ወጣ። ፍራሹ አልደረቀም፤ ጋሽ አንጁሎ «እሱ ይቆይ፣ ሲደርቅ እንልከዋለን» አሉ። በምትኩ ጋሪው ላይ የሙዝ ዘለላ ተጫነ። እማማ ባሎቴ እስከ አስፋልቱ እመጣለሁ ብለው አብረውኝ ተራመዱ፤ ምህረት እጃቸውን ይዛለች።

ለጨዋታ ያህል «ስንት ወለዱ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«የቀበርኩትን ልጨምር ወይስ ልተው?»

መልሴን ሳይጠብቁ «እኔ እጨምራለሁ» አሉና ስማቸውን ከትልቁ ጀምረው ጠሩልኝ፤ የሞቱትን ከቆሙት ሳይለዩ። ማን በሕይወት እንዳለ አልጠየቅሁም። ከዚያ እኔም ናሆም ብዬ ስሙን ጠራሁላቸው። ስሙ ከአፌ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። «ናሆም» ብለው ደገሙት።

ትንሽ ከሄድን በኋላ «ልጅ ሲያተኩሰው ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው።

«ድሮ ያልፋል እያልን እንጠብቅ ነበር። አሁን አንጠብቅም። ሞተር ያላቸው ወጣቶች ተራ አላቸው። የዛሬ ሌሊት የማን ተራ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሄደህ በሩን ትመታለህ፣ ልጁን ይዞህ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የማን ልጅ ነው አይባልም።»

«ሁልጊዜ ይደርሳል?»

«አይደርስም» አሉ። «ብዙ ጊዜ ይደርሳል።»

አልዋሹኝም። ቢዋሹኝ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ቦዩን ተሻግረን እንደጨረስን «የአገልጋዩ ቤትስ? ተራው እዚያም ይደርሳል?» ብዬ ስጠይቅ ራሴን ሰማሁት። እማማ ባሎቴ ወደ እኔ አልዞሩም። «ሞተሩ የሚያልፈው በእሱ ደጅ ነው» ብቻ አሉኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ነይም አላሉኝ፣ ቅሪም አላሉኝ።

መገንጠያው ላይ ወርደን የጨንቻን መኪና ስንጠብቅ ዘካርያስ ሙዝ ልጦ ሰጠኝ። ከዶርዜ በላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ሰው ሁሉ ሹራቡን፣ ጋቢውን መልበስ ጀመረ። የቤታችን ብርድ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጓሮዬን፣ እንሰቴን፣ ወንበሬን እያሰብኩ መጣሁ። ይህን የምጽፈው ሁሉም ነገር ቀሎኝ እንዳይመስላችሁ ነው።

ደጃፋችን ላይ ዘካርያስ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ምህረትን ከላይ እስከ ታች አገላብጣ አየቻት፣ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

«ተመስገን፣ በደህና መለሳችሁ» አለች። «ኧረ ለመሆኑ እዚያ ሰው ልጅ ያሳድጋል?»

«ያሳድጋል» አልኳት። «እኔም ላሳድግ ነው።»